ጃፓን ውስጥ ቅዳሜና እሁድን እንዴት ታሳልፋላችሁ? ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ባቡር ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «ቶኪዮ ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው። ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ። አገር ቤት እሮጥ ነበር፣ ክራርም እነካካለሁ። እዚህ ግን ቅዳሜ ሲመጣ ስልኬን ይዤ እተኛለሁ። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ ገንዘብም የለኝም» ብለሻል። እኔ እዚህ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ልክ እንዳንቺ ነው ያሳለፍኩት። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። እኛ አገር የሚቀድመው ሰው ነው። ቡና ተፈልቷል ተብሎ ይጠራል፣ ጎረቤት ይገባል፣ ጨዋታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እዚህ የሚቀድመው ነገሩ ነው። ሩጫው፣ ተራራው፣ ሙዚቃው። ሰው የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። እኔ ቤቱ የሚጠራኝ ሰው ስጠብቅ ዓመት ሞላኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ደጎች ናቸው፤ ግን ቤታቸው ጠባብ ነው፣ እንግዳ ቤት የመጥራት ልማዳቸውም ብዙ አይደለም። የጠሉኝ መስሎኝ ስንት ቀን አልቅሻለሁ። ስለዚህ አንቺ ሰው ፍለጋ አትድከሚ። ቀንና ቦታ ያለው ነገር ያዢ። በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት እዚያው ተገኚ። በአራተኛው ሳምንት ሰላም ይሉሻል። በስምንተኛው ስምሽን ይጠይቁሻል።

ትሮጫለሽና ከሩጫው ልጀምር። ቶኪዮ መሃል የንጉሠ ነገሥቱን ቤተ መንግሥት የሚዞር መንገድ አለ። አንዱ ዙር 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሚያስቆምሽ የትራፊክ መብራትም የለውም። አካባቢው ላይ ጥቂት ከፍለሽ ልብስ የምትቀይሪባቸውና ገላሽን የምትታጠቢባቸው ቤቶች አሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ልማዱን አላወቅኩም፤ በተቃራኒው ዞርኩ። ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ይመጣብኛል። አንድ ሽማግሌ ሩጫቸውን አቁመው በጣታቸው አየር ላይ ክብ ሠሩልኝ። ቤተ መንግሥቱ በግራሽ ይሁን ማለታቸው ነው። ከዚያ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። «ኢትዮጵያ» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። «አበበ!» አሉ።

ይሄ አንቺንም ይገጥምሻል። ዕድሜያቸው የገፋ ጃፓኖች ጋር አበበ ቢቂላ አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር እንኳን አልሞላውም ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። እኚህ ሽማግሌ ያኔ ልጅ ነበሩ። በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው በኮሹ መንገድ ሲያልፍ አይተውታል። በእጃቸው አረማመዱን አሳዩኝ፤ ድምፅ የለውም ነበር አሉኝ። የማራቶኑ መመለሻ ቦታ ቾፉ ከተማ ውስጥ ነው፣ ቶቢታኪዩ ጣቢያ አጠገብ። ምልክት ቆሞበታል። አንድ እሁድ ሂጂና ከዚያ ወደ መሃል ከተማ የቻልሽውን ያህል ሩጪ። እኔ የሮጥኩት 8 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን ያንን ቀን እስካሁን አልረሳውም።

ለክረምቱ፣ ማለት ለብርዱ ወራት፣ ደግሞ በየወረዳው የሕዝብ ጂምናዚየም አለ። ለአንድ ጊዜ የሚያስከፍሉት ጥቂት መቶ የን ነው። የቤት ውስጥ ጫማ ለብቻው ይዘሽ ሂጂ፤ በውጭ ጫማ አያስገቡሽም። ለመዋኛውም የራስ ቆብ ያስፈልግሻል። የቶኪዮ ማራቶን ደግሞ ባትሮጪውም ወጥተሽ እዪ። በየካቲት መጨረሻ አካባቢ ነው የሚሆነው። በ2024 ሱቱሜ አሰፋ በ2:15:55 ስታሸንፍ ባንዲራ ይዘን መንገድ ዳር ነበርን። በ2025 ደግሞ እሷም ደገመች፣ በወንዶቹም ታደሰ ታከለ አሸነፈ። እንደዚያ ቀን ድምፄ ተዘግቶ አያውቅም።

ግን እኔን ከምንም በላይ የያዘኝ ሐኮኔ ኤኪደን ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2 እና 3 የሚደረግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቅብብል ሩጫ ነው፤ ከ1920 ጀምሮ ያለ። ዱላ የለውም። ታሱኪ የሚባል ረጅም ጨርቅ ከትከሻ ወደ ወገብ ያጠልቃሉ፣ የሚቀባበሉት እሱን ነው። ከቶኪዮ ተነስተው ሐኮኔ ተራራ ላይ ያለው ሐይቅ ድረስ ይሮጣሉ፣ በማግስቱ ይመለሳሉ። በየቡድኑ 10 ልጆች፣ ደርሶ መልስ 217 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንድ ጨካኝ ሕግ አለው። ቡድኑ ከመሪው በጣም ከዘገየ፣ ተቀባዩ ልጅ ጓደኛውን ሳይጠብቅ ሌላ ጨርቅ አጥልቆ እንዲነሳ ይደረጋል።

አንድ ዓመት ዮኮሃማ አካባቢ ያለው መቀባበያ ጋ ቆሜ ነበር። ሰዓቱ አለቀና ተቀባዩ ሄደ። ወዲያው ልጁ መጣ። ታሱኪውን አውልቆ በቀኝ እጁ ጨብጦታል። የሚሰጠው ሰው የለም። ጨርቁን ሁለት ጊዜ በመዳፉ ላይ ጠቀለለው፣ ከዚያ መስመሩ ላይ ተንበረከከ። ማንም ምንም አላለም። ከአጠገቤ ያሉ ሴትዮ ብቻ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ከዚያ መንገዱ በሙሉ ተከተለ። ያን ሰሞን ሁሉም ሰው ወደ ቤተሰቡ ስለሚሄድ ከተማው ጭር ይላል፤ ለእኛ ደግሞ የገና ጾም ነው፣ ገናም ገና አልደረሰም። ብቸኝነቱ የሚከፋበት ወቅት ነው። ቤት አትቀመጪ፣ ወጥተሽ አጨብጭቢላቸው። ክፍያ የለውም።

አሁን ወደ ክራርሽ። እባክሽ ቤት ውስጥ አትምቺ። የጃፓን አፓርታማ ግድግዳው ስስ ነው። እኔ በሁለተኛው ወር፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቀስ ብዬ ነበር የምጫወተው። በማግስቱ ከአከራዩ ድርጅት ወረቀት ፖስታ ሣጥኔ ውስጥ ገባ። በጣም ትሑት ወረቀት ነው፤ ግን አሳፈረኝ። ክራሩን አንድ ዓመት ከቁም ሣጥን አላወጣሁትም። ዛሬ ሳስበው የማዝነው በእሱ ነው፤ መፍትሔው ቅርብ ነበር። አንደኛው ካራኦኬ ቤት ነው። በቀን፣ በሥራ ቀን፣ ግማሽ ሰዓቱ ርካሽ ነው፣ ክፍሉ ድምፅ አያስወጣም። ብቻውን የሚገባ ሰው ሞልቷል፣ ማንም አይገረምም። መሣሪያ ይዘሽ እንድትገቢ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፤ በር ላይ ጠይቂ። ሁለተኛው የወንዝ ዳር ነው። በአራካዋም በታማም ዳር ቅዳሜ ከሄድሽ መለከት የሚነፋ፣ ሳክስፎን የሚለማመድ አታጪም። እነሱም ጎረቤት ፈርተው ነው የወጡት።

እኔ አራካዋ ዳር ድልድይ ሥር ተቀምጬ ትዝታን ስቃኝ፣ አንድ ሃርሞኒካ የሚለማመዱ አባት ቀስ እያሉ ቀረቡ። አዳመጡኝ። ከዚያ ሃርሞኒካቸውን አነሱና በዚያው ቅኝት አንድ የኤንካ ዜማ ገቡበት። ኤንካ የድሮ የናፍቆት ዘፈናቸው ነው፤ ስለ ወደብ፣ ስለ ባቡር ጣቢያ፣ ስለ ቀረ ሰው። ቆዳዬ ተነሳ። በኋላ ነው ምክንያቱን ያወቅኩት። ብዙው ኤንካ የሚዘፈነው በአምስት ድምፅ ነው፤ ከሰባቱ የሙዚቃ ድምፆች አራተኛውና ሰባተኛው ተትተው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ። ይሄ የእኛው የትዝታ ቅኝት ነው። የሚያሳዝነው ኤንካ ደግሞ «ሚ»ን እና «ላ»ን ዝቅ ያደርጋል፤ እሱም ትዝታ ማይነር የምንለው ቅኝት ነው። ቋንቋው ሳይገባሽ ዘፈኑ የሚገባሽ ለዚህ ነው። የክራርሽን ቅኝት ሳትነኪ አብረሽ መምታት ትችያለሽ። ያ ሰውዬ አሁን በየቅዳሜው ይመጣሉ። ቤታቸውን አላውቀውም፣ እሳቸውም የእኔን አያውቁም፤ ግን አንድ ሳምንት ታምሜ ስቀር፣ በቀጣዩ ብርቱካን ይዘውልኝ መጡ።

ዘፈን መስማት ብቻ ያማረሽ ቀን የጃዝ ቡና ቤቶችን ሞክሪ። አንድ ቡና አዝዘሽ ሸክላ የምትሰሚበት ቦታ ነው። አንዳንዱ ጋ ማውራት አይፈቀድም። ዝርዝሩ ላይ «ሞካ» የሚል ካየሽ የኢትዮጵያ ወይም የየመን ቡና ነው። በበጋ፣ በጁላይና በኦገስት፣ በየሠፈሩ ቦን ኦዶሪ አለ። መሃል ላይ ከፍ ያለ ማማ ይተከላል፣ ከበሮ ይመታበታል፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ይጨፍራል። ክቡ ለማንም ክፍት ነው። ከፊትሽ ያሉትን አሮጊት እጅ እያየሽ ተከተይ።

ለቀን ጉዞ መጀመሪያ ታካኦ ተራራ ሂጂ። 599 ሜትር ነው። ከሺንጁኩ ጣቢያ በኬዮ መስመር ፈጣኑን ባቡር ከያዝሽ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ዋጋውም ከ500 የን በታች ነው። አንደኛው መንገድ አስፋልት ስለሆነ ሰው ይበዛበታል። ስድስተኛውን ምረጪ፣ ጅረቱን ተከትሎ የሚወጣውን። በኖቬምበር ቅጠሉ ሲቀላ መፈናፈኛ የለም፤ በማለዳ ውጪ። በብርዱ ወራት በጠራ ቀን ከላይ የፉጂ ተራራ ይታያል። እኔን ግን የገረመኝ ሰላምታው ነው። ቶኪዮ ውስጥ አሳንሰር ውስጥ እንኳን ሰላም የማይልሽ ሰው፣ ተራራ ላይ ሲያልፍሽ «ኮንኒቺዋ» ይልሻል። ሁሉም፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም። የገጠር መንገዳችንን አስታወሰኝ።

ስለ ምግብ ላስጠንቅቅሽ። የምትጾሚ ከሆነ ኑድሉም ሾርባውም፣ አትክልት የሚመስለውም፣ አብዛኛው በዓሣ መረቅ ነው የሚሠራው። ኡሜቦሺ፣ ማለት በጨው የተዘፈዘፈ ኮምጣጣ ፍሬ፣ ያለበት የሩዝ ኳስ ያዋጣሻል። እኔ ቆሎና ዳቦ ይዤ ነው የምወጣው። የቆሻሻ መጣያ አታገኚም፣ ላስቲክሽን ይዘሽው ተመለሺ። ካማኩራም ሂጂ፤ ከቶኪዮ አንድ ሰዓት ነው፣ ከ11 ሜትር በላይ የሆነውን የነሐስ ቡድሃ አይተሽ ባሕሩ ዳር ትወርጃለሽ።

ከተራራ ስትወርጂ ፍል ውሃ አለ። እዚህ ኦንሰን ይሉታል። ሴቱ ለብቻ፣ ወንዱ ለብቻ፣ ግን ያለ ምንም ልብስ ነው። አውቃለሁ፣ እኔም በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። ማንም አያይሽም፣ እመኚኝ። መጀመሪያ ተቀምጠሽ በደንብ ታጠቢ፣ ከዚያ ግቢ፣ ፎጣሽ ውሃው ውስጥ አይግባ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። አንገቷ ላይ የልጅነት ንቅሳት አላት፣ እንደ አገሯ ሴቶች። ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ትልቅ መታጠቢያ ቤት ንቅሳት ያለበት ሰው አይገባም ብሎ መለሰን። ጃፓን ውስጥ ንቅሳት ከወንበዴ ቡድኖች ጋር ስለሚያያዝ ነው። እናቴ ለምን እንደተመለስን ስትጠይቀኝ ዛሬ ሞልቷል አልኳት። እስካሁን ያመኛል። በማግስቱ የሠፈራችን ሴንቶ ወሰድኳት፤ 550 የን ገደማ የሚያስከፍል ተራ የሕዝብ መታጠቢያ ነው፣ ስለ ንቅሳት የሚጠይቅ የለም። አንዲት አሮጊት አጠገቧ ተቀምጠው አንገቷን አዩ፣ «ኪሬይ» አሉ። ቆንጆ ማለት ነው። ጀርባዋን አሹላት። ንቅሳት ካለሽ እንግዲህ በቀጥታ ሴንቶ ሂጂ፣ ወይም ቀድመሽ ደውለሽ አጣሪ።

የት ሠፈር እንደሆንሽ አልጻፍሽም። ብዙዎቻችን ካትሱሺካ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ነን። እኔ ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር በ7፣ አራካዋ ዳር እሮጣለሁ፤ ከዚያ እስከ 4 ሰዓት፣ በእነሱ እስከ 10፣ ድልድዩ ሥር ነኝ። ከዘነበ አልመጣም ብዬ እዚሁ ግሩፕ ላይ እጽፋለሁ። ክራርሽን ይዘሽ ነይ፤ ትርፍ ጅማት እኔ ጋ አለ።