መልስ፦ የጓደኛ ግብዣ ደብዳቤ ብቻውን ለሸንገን ቪዛ ይበቃል?

ወንድሜ፣ ፈረንሳይ ያለው ጓደኛህ በእጁ ጽፎ የላከልህ የግብዣ ደብዳቤ ለሸንገን ቪዛ (ፈረንሳይን ጨምሮ ወደ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ለአጭር ጊዜ ለሚያስገባው ቪዛ) አይበቃም። እሱ ቤት የምታርፍ ከሆነ በሚኖርበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ጸድቆ የሚሰጠውን የማስተናገጃ ማረጋገጫ አውጥቶ ዋናውን ቅጂ ይላክልህ። ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ ይጀምር።

ይህ ግን የምታርፍበትን ቦታ እንጂ እንደምትመለስ አያሳይም፤ ብዙዎች የሚከለከሉት እዚህ ላይ ነው። የእረፍት ቀኖችህንና ሥራ የምትገባበትን ቀን የሚጠቅስ ደብዳቤ ከአሠሪህ ያዝ። በባንክ መግለጫህ ላይ ሰሞኑን በአንድ ጊዜ የገባ ትልቅ ገንዘብ ካለ ምንጩን በሰነድ አስረዳ፤ ያለበለዚያ ለማሳያ የተበደርከው ይመስላል።

የጉዞ መድንህ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ይሸፍን። ፓስፖርትህ ከሸንገን አገሮች ከምትወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል ይሁን። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፤ የመጨረሻዎቹን 15 ቀናት እባክህ አትጠብቅ።