ኤክሴል፣ ፓወር ቢአይ፣ ታብሎ ወይስ አር? ለጠየቅሽው ረዘም ያለ መልስ

ሰላም እህቴ፣ ኮመንቱ ላይ "ፓወር ቢአይ ተማሪ"፣ "ኧረ ፓይተን ነው ያለው" እየተባለ በአንድ አንድ መስመር መሟገት ሆኗል፣ እኔ ትንሽ ላስረዝመው። ለማያውቅ፣ ፓወር ቢአይና ታብሎ ዳታን ወደ ግራፍ ሚቀይሩ ፕሮግራሞች ናቸው፣ አርና ፓይተን ደግሞ ኮድ እየተጻፈ ሚሰራባቸው ቋንቋዎች። ያልሽው ይሄ ነው፦ ጅማ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ነው ምትሰሪው፣ ከየወረዳው የተገዛውን እሸት (ቀዩን ፍሬ) እና ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀውን) በየወሩ በግራፍ አርገሽ ለኃላፊዎች ታቀርቢያለሽ፣ ኤክሴል ትችያለሽ፣ ላፕቶፕሽ 4 ጂቢ ራም ነው፣ የቱን ልማር። እኔ እዚሁ ከተማ ሪፖርትና የመመረቂያ ጽሑፍ ዳታ ላይ ነው ምውለው፣ ሁሉንም እየነካካሁ ስለምሰራ ለአንዱ ተሟጋች ሆኜ አይደለም ምጽፍልሽ።

ዩቲዩብ ላይ ያሉትን ማወዳደሪያዎች ለጊዜው ተያቸው። ለምሳሌ ታብሎን የሚያስተምሩት ሱፐርስቶር በሚባል የአሜሪካ ሱቅ ናሙና ዳታ ነው፣ ቀኑ የፈረንጅ፣ ፊደሉ የፈረንጅ፣ የግዛቱ ስም ሁሉም ቦታ አንድ አይነት። እንደዛ ባለ ዳታ የማያምር ሶፍትዌር የለም። ያንቺን የጥቅምት ፋይል እንደ ቆሸሸ ወስደሽ በሁሉም ውስጥ አሳልፊው፣ የቱ የት ላይ እንደሚቆምብሽ ያኔ ታያለሽ።

በቀን እንጀምር፣ ዋናው ጣጣ እሱ ስለሆነ። ቡና መግዣ ጣቢያ ላይ ያለው ልጅ ጥቅምት 25 ቀን 2017ን 25/2/2017 ብሎ ይጽፋል አይደል፣ ኮምፒውተርሽ ቀን/ወር/ዓመት ላይ ከተስተካከለ ኤክሴል ምንም ሳይል የፈረንጅ ፌብሯሪ 25 አድርጎ ይቀበለዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብሎ ሲጽፍ ግን ፌብሯሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አርጎ ይተወዋል። አንድ ኮለም ውስጥ ግማሹ ቀን ግማሹ ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። ኮለሙን ሰፋ አርገሽ እዪው፣ ወደ ቀኝ የተጠጋው ቀን ነው ወደ ግራ የተጠጋው ጽሑፍ ነው፣ በእጅ ካላሰለፍሽው በስተቀር። ይሄን ፋይል ፓወር ቢአይም ስጪው ታብሎም ስጪው፣ የወሩ መጨረሻ ግዢ ወይ ኤረር ይሆናል ወይ ባዶ ሆኖ ከግራፉ ይጠፋል፣ ቡናው ግን ተገዝቷል!

መፍትሄው ሶፍትዌር መቀየር አይደለም፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለሽ ሶስት የቁጥር ኮለም ማድረግ ነው። የወሩን ስም ለብቻ፣ የወሩን ቁጥር ለብቻ፣ ምክንያቱም በስም ከተደረደረ በፊደል ተራ ሄዶ ኅዳርና ነሐሴ ጎን ለጎን ይቀመጡልሻል። ፓወር ቢአይ ላይ ሶርት ባይ ኮለም የሚል አለ፣ የወሩን ስም በቁጥሩ አስደርድሪው። ታብሎ ላይ በማውስ እየጎተትሽ ታስተካክያለሽ፣ አር ላይ ተራውን ሚይዝልሽ ፋክተር ሚባለው ነው፣ ኤክሴል ላይ ከስተም ሊስት። ወር 1 መስከረም ይሁን ወይስ በጀት ዓመቱ ሚጀምርበት ሐምሌ፣ እሱን ከአለቃሽ ጋ ተነጋገሪ። ጳጉሜን ደግሞ እንደ አንድ ወር ብቻዋን አታስቀምጫት፣ 5 ወይ 6 ቀን ናት፣ መስመሩ ወለል ድረስ ወርዶ ይመለስና ስብሰባው በሙሉ "ምን ሆነን ነው የወረደው" ላይ ያልቃል። ከነሐሴ ጋ ደምሪያት ወይ በቀን አማካይ ስሪው።

አሁን ወደ ሶፍትዌሮቹ። ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ነጻ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው ሚሰራው፣ ጎበዝ ነው። ግን ዳታውን ራም ላይ ጭኖ ስለሚሰራ በ4 ጂቢ ክሮምም ቴሌግራምም ከፍተሽ ካስነሳሽው ላፕቶፑ ይንቀራፈፍብሻል። ከሱ ሚብሰው ሼር ማድረጉ ነው፦ በመስሪያ ቤት ወይ በትምህርት ቤት ኢሜይል ካልሆነ በጂሜይል አካውንት አይከፍትልሽም፣ ለሌላ ሰው በስርዓት ለማጋራት ደግሞ ሚከፈልበት ፍቃድ ይፈልጋል። ፐብሊሽ ቱ ዌብ ሚለውን ተጠቅመሽ ካወጣሽው ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ያየዋል፣ የዩኒየናችሁን ዋጋ ነጋዴው ቀድሞ አየው ማለት ነው። ታብሎ ፐብሊክም እንደዛው ነው፣ ነጻ ነው፣ ሲያምር በጣም ያምራል፣ እንደውም ለዓይን ከሁሉም እሱ ይበልጥብኛል፣ ግን እዛ ላይ ያወጣሽው ለህዝብ ነው። የገበሬ ስምና ሂሳብ ያለበት ፋይል በፍጹም እዛ አይገባም።

ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር ልንገርሽ። ፓወር ቢአይ ውስጥ ዳታ ሚያጸዳው ፓወር ኩዌሪ ኤክሴል ውስጥም አለ፣ ከ2016 ጀምሮ ዳታ ከሚለው ታብ ስር ተቀምጧል። የየወረዳውን ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ጨምሪው፣ ጌት ዳታ፣ ፍሮም ፎልደር በይው፣ የፋይሎቹ አርዕስት አንድ አይነት እስከሆነ ድረስ ሁሉንም አንድ ላይ ያያይዝልሻል፣ በሚቀጥለው ወር አዲሱን ፋይል ፎልደሩ ላይ ጥለሽ ሪፍሬሽ ብቻ ነው። ወሮቹ ወደ ጎን የተዘረጉበት ሠንጠረዥ ከሆነ አንፒቮት ኮለምስ ሚለውን ንኪው፣ ወደ ታች ይደረደራል፣ ያንን ቅርጽ ነው ፓወር ቢአይም ታብሎም አርም ሚፈልጉት። እኔ ብትጠይቂኝ መጀመሪያ መማር ያለብሽ ይሄንን ነው። አዲስ ፕሮግራም አትጭኝም፣ ነገ ፓወር ቢአይ ብትገቢ ደግሞ ግማሹን መንገድ ሄደሻል።

አር ላይ ደግሞ ሰው በከንቱ ነው ሚፈራው። በ4 ጂቢ ያንቺ አይነት ዳታ ምንም አይለውም። ጂጂፕሎት 2 የሚባል የሃድሊ ዊክሃም ፓኬጅ (አር ላይ ሚጨመር የግራፍ መስሪያ) አለ፣ ሃሳቡ ዊልኪንሰን የሚባል የስታቲስቲክስ ሰው በ1999 እ.ኤ.አ. ካወጣው የግራፍ ሰዋስው ነው የመጣው፣ ዳታውን፣ ዘንጉን፣ ቅርጹን ለየብቻ እየነገርሽው ይደራርበዋል። ለአንቺ ትልቁ ጥቅሙ ፋሴት ራፕ ሚሉት ነው፦ ጎማ፣ ማና፣ ጌራ፣ ሊሙ ኮሳ፣ ሰቃ ጨቆርሳ እያለ ለየወረዳው ትንሽ ትንሽ ግራፍ በአንድ ልኬት ጎን ለጎን ይሰራልሻል፣ በአንድ መስመር ኮድ። ይሄንን በኤክሴል ልስራ ብትይ ኮፒ ፔስት ስታደርጊ ትውያለሽ፣ የአንዱ ዘንግ 500 ላይ ያልቃል የሌላው 5,000 ላይ፣ ማና ከጎማ እኩል የገዛ ይመስላል። የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሰሩም አር ነው ምላችሁ፣ አድቫይዘሩ ቀለሙን ቀይር ባለ ቁጥር ኮዱን መልሶ ማስኬድ ነው። ፓኬጅ ለማውረድ ግን ኔት ባለበት ቀን ጨርሱ።

ፓይተንም ያው ይሰራዋል፣ ፕሮግራሚንግ ከለመድሽ ጥሩ፣ ለግራፍ ብቻ ብለሽ ከዜሮ ምትጀምሪ ከሆነ አልመክርሽም። የአማርኛ ፊደል ላይ አርም ፓይተንም ያስቸግራሉ። የፓይተን ግራፍ መስሪያ ማትፕሎትሊብ ከራሱ ጋ ሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፣ ኒያላን ወይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ፎንት ፋሚሊ ላይ ስትሰጪው ይስተካከላል። አር ላይ ፒዲኤፍ ስታስወጪ ነው ሚጠፋው፣ ካይሮ ፒዲኤፍን ተጠቀሚ፣ ወይ ራግ በሚባለው ፓኬጅ ፒኤንጂ (የምስል ፋይል) አርገሽ አስወጪው።

ካርታ ከፈለግሽ ኪውጂአይኤስ፣ ነጻ ነው፣ ሌላ አትፈልጊ። የወረዳ ድንበሩን ኦቻ (የተመድ የሰብዓዊ እርዳታ አስተባባሪ ቢሮ) ከሚያወጣው ሂዩማኒተሪያን ዳታ ኤክስቼንጅ ላይ አውርጂ። ጭንቀቱ ስም ማገናኘቱ ላይ ነው፣ ጎማ አንዱ ፋይል ላይ በአንድ ኤም፣ ሌላው ላይ በሁለት ኤም፣ በኦሮምኛ ሲጻፍ ደግሞ መጨረሻው ላይ ኤ ይደገማል፣ ለኮምፒውተሩ ሶስት የተለያየ ወረዳ ነው፣ ያልተገናኘው ካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ፋይሉ ላይ ፒኮድ የሚል የቦታ መለያ ኮድ ያለበት ኮለም አለ፣ ኢቲ ብሎ የሚጀምር፣ ያንን ኮድ የራስሽ ሠንጠረዥ ላይ አንዴ አስገቢና ከዛ በኋላ በስም ማገናኘት እርግፍ አርገሽ ተዪ።

ዳታራፐር የሚባል የበርሊን ልጆች የሰሩት ደግሞ አለ፣ ብራውዘር ላይ ነው፣ ሠንጠረዡን ፔስት አርገሽ ንጹህ ግራፍ ቶሎ ያወጣል፣ ጋዜጠኞች ይወዱታል። ሉከር ስቱዲዮም ከጉግል ሺት ጋ ይሰራል። ሁለቱም ኔት ከሌለ የሉም፣ መብራትና ኔት እዚህ እንዴት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም።

ግራፉን ማን ነው ሚያየው ሚለውም አለ። ኃላፊሽ በስልኩ ቴሌግራም ላይ ነው ሚከፍተው አይደል? ስለዚህ ጠቅ ጠቅ ሚደረግ ዳሽቦርድ ምን ይሰራለታል፣ ፊደሉ ጎላ ያለ አንድ ፒኤንጂ ላኪለት። ለስብሰባ ሚታተም ከሆነ ደግሞ ፎቶኮፒው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቀይና አረንጓዴው አንድ አይነት ግራጫ ይሆናል፣ የወረዳውን ስም መስመሩ ጫፍ ላይ ጻፊው። ክብ ግራፍ ለዛ ሁሉ ወረዳ አትስሪ፣ ክሊቭላንድና ማክጊል የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ፈትነው አሳይተዋል፣ ሰው ከማዕዘን ይልቅ በአንድ መስመር ላይ የተሰለፈን ርዝመት አስተካክሎ ያነባል። ከሁሉ በፊት ግን መለኪያሽን አንድ አድርጊ፣ አንዱ በኪሎ፣ አንዱ በፈረሱላ 17 ኪሎውን፣ አንዱ በኩንታል ይልካል። እሸትና ጀንፈልም አንድ ባር ላይ አይደመርም፣ አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ለማውጣት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ነው ሚሄደው፣ ስለዚህ እሸት ብዙ የገዛው ወረዳ በማይሆን ነገር አንደኛ ይወጣል።

ስለዚህ ያንቺ ተራ፦ አሁን ፓወር ኩዌሪ ኤክሴል ውስጥ፣ ቀጥሎ አር፣ ፓወር ቢአይን ራሙን 8 ስታደርጊው። ታች ላይ "ክራክ የተደረገ ታብሎ ፍላሽ ላይ አለኝ" ያልከው ወንድሜ፣ እሱን ለሷ እንዳትሰጣት፣ የመስሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ቫይረስ ይዞ ቢገባ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ታብሎ ፐብሊኩ በነጻ አለ፣ ለመለማመድ ከበቂ በላይ ነው።