«ሰፈራችን ለመብራት ሶላር በብድር ሊገዛ ሲል ባንኩ መያዣ ጠየቀን» ላልከው

ሶላሩን ለመግዛት ባንክ ቤት መመላለሱን ተዉት። ወረዳችሁ ላይ ወዳለው ማይክሮፋይናንስ (አነስተኛ ብድር ሰጪ ተቋም) ሂዱ፤ መያዣ ለሌለው ሰው በቡድን ዋስትና ማበደር የለመዱት እነሱ ናቸው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከዓለም ባንክ ባገኘው ገንዘብ ለማይክሮፋይናንሶች የሶላር ብድር ሲያቀርብ ቆይቷል። ስለዚህ «ለሶላር የተመደበ ብድር አላችሁ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ማንም ከራሱ ተነስቶ አይነግራችሁም።

ስትደራደሩ፦

1. ክፍያው በየወሩ ሳይሆን ከምርት በኋላ ይሁን። በሐምሌ ገበሬ ብር ከየት ያመጣል?
2. ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት አይግዛ። ሦስት አምፖልና የስልክ ቻርጅ የሚበቃው ሰው ለቴሌቪዥን የሚሆነውን ትልቁን ተበድሮ አይጨናነቅ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ባትሪውን። እኛ ሰፈር ርካሽ ተብሎ የተገዛው ባትሪ ዕዳው ሳያልቅ ሞተ። ባለቤቱ «ለማይበራ አልከፍልም» አለ፣ ዋስ የሆኑት ጎረቤቶቹ ከፈሉ። እስካሁንም አይነጋገሩም። ሻጩ ለባትሪው የሚሰጠው ዋስትና ቢያንስ ብድሩ እስኪያልቅ እንዲቆይ በጽሑፍ አስፈርሙት፤ መለወጫ ባትሪ ቅርብ ከተማ ላይ መኖሩንም ሳትፈርሙ በፊት ሄዳችሁ እዩ።