ያ ሰፊ ጀርባ ከዘር የመጣ ነው፣ ከመርፌ አይደለም

ወንድሜ፣ የቴክሰል አውራ በግ ፎቶ ለጥፈህ «ይህ ጀርባ የመድኃኒት ነው ወይስ የዘር? ዘሩስ ከየት መጣ?» ብለህ ጠይቀሃል። ሰሜን ሆላንድ ውስጥ በአንድ የበግ እርባታ አራት ዓመት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ። የዘር ነው።

ቴክሰል ከደን ሄልደር ወደብ በመርከብ ሃያ ደቂቃ ያህል የምትርቅ የሆላንድ ደሴት ናት፤ ነዋሪዎቿ «ቴሰል» ይሏታል። ነፋሷ ኃይለኛ ነው። ገበሬዎቹ ድርቆሽ የሚያኖሩባቸው ጎጆዎች እንኳ ጣሪያቸው በነፋሱ በኩል እስከ መሬት ተዳፍቶ፣ በራቸው በስተ ጀርባ ነው። የድሮው የደሴቷ በግ ለሱፉና ለወተቱም ይረባ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሊንከንና ሌስተር የሚባሉ የእንግሊዝ አውራዎች መጥተው ተዳቀሉ፤ ከዚያ ወዲህ ገበሬው ሥጋው የበዛውን እየመረጠ ትውልድ በትውልድ ላይ አስከተለ።

መልኩን በቀላሉ ትለየዋለህ። ፊቱና እግሩ ነጭ፣ ሱፍ የሌለበት፤ አፍንጫውና ሰኮናው ጥቁር፤ ቀንድ የለውም። እንደ መንዝ በግ ላትም የለውም። የመጀመሪያ ቀን፣ አገር ቤት ገበያ ላይ እንደለመድኩት፣ ወገቡን በእጄ ዳበስኩ። አከርካሪውን ፈልጌ አጣሁት፤ ሥጋው ግራና ቀኝ ተነሥቶ መሐሉ ላይ ቦይ ሠርቷል። ስቡ ግን ትንሽ ነው። ጮማ ለሚወድ ሰው ይህ ጉድለት ሊመስለው ይችላል፤ የአውሮፓ ሥጋ ሻጭ ግን የሚከፍለው ለዚህ ነው።

ምክንያቱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመውታል። ማዮስታቲን የሚባል፣ ጡንቻ ከልክ በላይ እንዳያድግ የሚገታ ፕሮቲን አለ። በቴክሰል ዘረመል ላይ የተገኘ የአንዲት ፊደል ለውጥ የዚህን ፕሮቲን መጠን ይቀንሰዋል፤ ልጓሙ ሲላላ ጡንቻው ይፋፋል።

ዋጋ የሚያስከፍለው በወሊድ ጊዜ ነው። የግልገሉ ጭንቅላትና ትከሻ ሰፊ ስለሆነ ምጡ ይከብዳል። አንድ የመጋቢት ሌሊት የግልገሉ ጭንቅላት ብቻ ወጥቶ፣ እግሮቹ ወደ ኋላ ቀርተው፣ ምላሱ አብጦ አገኘሁት። ክንዴን በሳሙና ታጥቤ ጭንቅላቱን ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ መለስኩትና እግሮቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። በጭድ አሽቼው ሲያስነጥስ እንባዬ መጣ። ስለዚህ አውራ ስትመርጥ የጀርባውን ስፋት ብቻ አትይ፤ ልጆቹ እንዴት እንደተወለዱ ባለቤቱን ጠይቀው። ብዙዎች ንጹሑን ዘር ከማብዛት ይልቅ አውራውን ከሌላ ዘር እናቶች ጋር ያዳቅሉታል፤ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ለላም የተዘጋጀ መኖ አትስጣቸው። በግ በመዳብ ቶሎ ይመረዛል፤ ቴክሰል ደግሞ ከሌሎቹ ይብሳል። ጆንያው ላይ «ለበግ» የሚል ካላየህ አታቅርብላቸው።