የወንድሜን ደብተር ለእናቴ ላንብብላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው፤ ዕድሜዬ 27 ነው። ታናሽ ወንድሜ በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሞተ። ሲሄድ ገና 20 ዓመቱ ነበር። መርዶው ከተነገረን ከወራት በኋላ አብሮት የነበረ ልጅ ቤታችን ድረስ መጥቶ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ሰጠን። እናቴ ማንበብ አትችልም። «አንብቢልኝ» ባለችኝ ቁጥር ሰበብ እፈጥራለሁ፤ ሌሊት ተደብቄ ግን ጨርሼዋለሁ። ግማሹ ስለ ቤት ነው፤ አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ መብላት እንዴት እንዳማረው፣ እናቴ የምታፈላው ቡና እንዴት እንደሚሸተው። ግማሹ ግን ሌላ ነው። አንድ ሌሊት ከባድ መሣሪያ ሲወርድባቸው ሽንቱ እንዳመለጠው ጽፏል። የቆሰለ ጓደኛቸውን ትተው ሲያፈገፍጉ የልጁ ጥሪ ለብዙ ቀን ከጆሮው እንዳልጠፋ ጽፏል፤ የልጁንም ስም ጽፏል። ሳሎናችን ውስጥ ፎቶው ተሰቅሏል፤ ሰፈሩ እናቴን «የጀግናው እናት» ነው የሚላት። አባቴ አናጢ ነው፤ በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና ዘምቷል። ደብተሩን ሲያይ «የሬሳ ኪስ አይፈተሽም፤ አቃጥሉት» አለ። ከዚያ ወዲህ ከእናቴ ጋር በወጉ አይነጋገሩም። እኔ መሐል ቀርቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ልበል፤ ደብተሩን አታቃጥዪው። መነበቡ ሊቆይ ይችላል፣ የሚያነበውም ሰው ሊለወጥ ይችላል። የተቃጠለ ወረቀት ግን አይመለስም፤ ቤታችሁ ደግሞ የማይመለስ ነገር በቅቶታል።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ በተፈረመው ስምምነት ቆሟል። ወደ እኔ የሚመጡ ቤተሰቦች ጥያቄ ግን ከዚያ በኋላ ነው የበዛው። አንዱ የልጁ ስልክ ይደርሰዋል፤ ከፍቶ ቪዲዮውን ለማየት ድፍረት ያጣል። ሌላዋ በጓደኛ አፍ የመጣ ግማሽ ወሬ ይደርሳታል፤ ግማሹን በሐሳቧ ስትሞላ ታድራለች። የእናንተ በእጁ የተጻፈ ነው። ከባድ ነው፤ ግን ወንድምሽ ራሱ የተናገረው ነው።

በጣም ያሳፈረሽ የሽንቱ ነገር ይመስለኛል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነክተሽ ነው ያለፍሽው። ስለዚህ እኔ ልቆይበት። ሰው ሞት አጠገቡ ሲወድቅ አንጎል ከሐሳብ ቀድሞ ለሰውነት ትእዛዝ ይሰጣል። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል፣ አፍ ይደርቃል፤ ፊኛና አንጀት ከቁጥጥር ሊያመልጡ ይችላሉ። ይህ ፈቃድ አይጠይቅም። በየዘመኑና በየአገሩ በተዋጉ ሰዎች ላይ የደረሰ ነው፤ አብዛኞቹ ግን አፍነውት ኖረዋል። እኛ በሽለላና በፉከራ ያደግን ሰዎች ነን። «ፈሪ ለእናቱ» እያልን ነው የምናድገው፤ ለፈራ ልጅ የሚሆን ቃል ማንም አላስተማረንም። ወንድምሽ ያንን ቃል ብቻውን፣ በእስክሪብቶ፣ በሃያ ዓመቱ ፈልጎ ጻፈው። ሳሎናችሁ ውስጥ የተሰቀለው ፎቶ የሚያሳየው ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ነው። ደብተሩ ውስጥ ያለው ያ እናቱ ያሳደገችው ልጅ ነው። እናትሽ ለማን እያለቀሰች እንደሆነ አስቢው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እናትሽ መስማት አለባት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ጠየቀች። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም የጠየቀችሽ፣ ደጋግማ ነው። አንቺ ሰበብ ስትፈጥሪ ዓይንሽን ታያለች፤ አባትሽ ሲቆጣ ድምፁን ትሰማለች። ደብተሩ ውስጥ ክፉ ነገር እንዳለ አውቃለች። የማታውቀው ክፉው ነገር ምን እንደሆነ ነው። ያልተነገረ ነገር ደግሞ በእናት ሐሳብ ውስጥ ማቆሚያ የለውም። ምናልባት ልጄ ተሠቃይቶ ሞቷል፣ ወይም ረግሞኛል፣ ወይም ለሰው የማይወራ ነገር አድርጓል ብላ ይሆናል የምታድረው። ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂያት፦ «እማዬ፣ ከዚህ ደብተር በጣም ማወቅ የምትፈልጊው ምንድን ነው?» መልሷ ሊያስደንቅሽ ይችላል። አንዳንድ እናቶች የሚፈልጉት በልቶ ነበር ወይ፣ በርዶት ነበር ወይ፣ ስሜን ጠርቶ ነበር ወይ የሚለውን ብቻ ነው። እሱን ካገኙ ሌላውን ራሳቸው «ይቅር» ይላሉ።

እንዴት ይነበብ ለሚለው ግን ከሥነ ልቦና መጽሐፍ በፊት የራሳችንን ወግ ተመልከቺ። አያቶቻችን ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ያውቁ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ ላይም አይነገርም። ነገሩን ቀድመው የሰሙ ዘመዶችና ጎረቤቶች ይመካከራሉ፤ ማን እንደሚናገር፣ ማን አጠገቧ ሆኖ እንደሚይዛት ይወስናሉ። ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ይገባሉ። ሌሊቱን ተኝታ እንድታድር ይተዋታል፤ ከተነገራት በኋላ ደግሞ ሙሉ ቀን ሰው አብሯት ይውላል፣ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ምግብ ከየቤቱ ይመጣል። አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ነገር ለብዙ ትከሻ የማከፋፈል ዘዴ ነው። እኛ ባለሙያዎች ክፉ ዜና ስለ መንገር ከምንማረው ውስጥ ስንቱ እዚያ እንዳለ ባሰብኩ ቁጥር ለአያቶቻችን ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ይህ ደብተር ለእናትሽ ሁለተኛ መርዶ ነው። እንደ መርዶ አድርጊው። ማታ አታንብቢላት፤ ጠዋት ይሁን፣ ሥራ በማትገቢበት ቀን። የሙት ዓመቱ ሰሞን አይሁን። ብቻችሁን አትሁኑ፤ የምትወዳት አክስት ወይም የማኅበር ጓደኛዋ ትኑር፣ ከፈለገች የነፍስ አባቷም ይኑሩ። ሰውየውን እሷ ትምረጥ። ከአሞራ ገደሉ ዓሣና ከቡናው ጀምሪ። በአንድ ቀን ከሦስት አራት ገጽ በላይ አትሂጂ፤ ስትጨርሱም ቡና ይፈላ፣ ስለ ሌላ ነገርም ይወራ።

ከባዱ ገጽ ላይ ስትደርሺ ቆም በይና «እማዬ፣ እዚህ ላይ ከባድ ነገር አለ። ላንብበው፣ ለሌላ ቀን ይደር፣ ወይስ ከነጭራሹ ይቅር?» በያት። ውሳኔው የእሷ ይሁን። መዝለል ትችያለሽ፤ እንደ ዘለልሽ ግን ንገሪያት። ያልጻፈውን ጨምረሽ እንዳታነቢ አደራ። «እማዬ እወድሻለሁ» ብሎ ካልጻፈ፣ ጻፈ አትበይ። አንድ ቀን ጎረቤት ያለ ተማሪ ጠርታ ብታስነብበው ከወንድምሽም ከአንቺም ላይ እምነቷን ታጣለች።

አንድ የቆየ የሕክምና ታሪክ ልንገርሽ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ክሬግሎክሃርት በተባለ የመኮንኖች ሆስፒታል፣ ሪቨርስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። በዚያ ዘመን ከጦር ሜዳ አእምሯቸው ተጎድቶ የሚመለሱትን «ርሱት፣ አታስቡት» ነበር የሚሏቸው። ሪቨርስ በ1918 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ትዝታን በግድ ማፈን ራሱ ሕመሙን እንደሚያባብሰው አሳየ። ከታካሚዎቹ አንዱ የጓደኛውን አካል በፈንጂ ተበታትኖ ያገኘ መኮንን ነበር፤ በየሌሊቱ ያንን እያየ ይጮኻል። ሪቨርስ «ይህ እኮ ጓደኛህ ሳይሠቃይ በቅጽበት እንደሞተ ምልክት ነው» አለው። ያ ሰው ይህን ማሰቢያ ካገኘ በኋላ ሕልሙ መልኩን ለወጠ። ልብ በይ፤ ሪቨርስ ምንም የሚያጽናና ገጽታ ያላገኘበት ሌላ ታካሚም ነበረው፤ እሱን ትዝታህን ፊት ለፊት ተጋፈጠው ብሎ አልገፋፋውም። ስለዚህ ከማንበብሽ በፊት እያንዳንዱን ከባድ ገጽ ለራስሽ ዳግም እዪው፤ እውነት የሆነ መያዣ አለው ወይ? የሽንቱ ገጽ አለው፤ ለእናትሽ «ልጅሽ እንደ ማንኛውም ሰው ፈርቶ እንኳ ከጓደኞቹ ጋር ቆየ» ማለት ይቻላል። የጓደኛው ገጽ ግን ሌላ ነው።

እዚያ ገጽ ላይ ወንድምሽን ያቃጠለው ፍርሃት ሳይሆን ኅሊናው ነው። ጆናታን ሼይ የተባለ፣ የቬትናም ዘማቾችን ያክም የነበረ አሜሪካዊ ሐኪም ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ «የሞራል ጉዳት» ስለሚባል ነገር በሰፊው ጽፏል፤ ሰው ትክክል ነው ብሎ የሚያምንበት ነገር ሲጣስ፣ ራሱም ይጣሰው አዛዡ፣ የሚደርስበት ቁስል ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ማፈግፈግን አያዝም፤ ይታዘዛል። ይህን ለእናትሽ በቃልሽ ንገሪያት። ነገር ግን ያ ገጽ የእናንተ ብቻ አይደለም። ስሙ የተጻፈው ልጅም እናት አለችው። መርዶ ተነግሯት ይሆን፣ አሁንም በር በርን እያየች ይሆን? ገጹን በስልክ አንስተሽ ፌስቡክም ሆነ ቴሌግራም ላይ እንዳታወጪው፤ የአንዲት እናት መርዶ በእጅሽ ነው። መጀመሪያ ደብተሩን ያመጣላችሁን ልጅ ፈልጊው። ያን ሌሊት ምናልባት እሱም እዚያ ነበረ፤ ስትጠይቂው እንደ መርማሪ ሳይሆን ምሳ ጋብዘሽ፣ እንደ እኅት ይሁን። ቤተሰቡ እንደማያውቅ ከገባሽ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የጠፉ ሰዎችን የማፈላለግና ቤተሰብን የማገናኘት አገልግሎት አለው፤ እዚያ ጠይቂ።

ስለ ራስሽ ምንም አልጻፍሽም፤ ሌሊት ተደብቀሽ እንዳነበብሽው ብቻ። አንቺም እኮ ወንድም ነው የሞተብሽ። እንቅልፍ ካጣሽ፣ ያላየሽው ጦር ሜዳ በሕልምሽ ከመጣ፣ ራስሽም ጻፊ። በ1986 እ.ኤ.አ. ፔንቤከርና ቢል የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎች በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ለአራት ተከታታይ ቀን የደረሰባቸውን ከባድ ነገር እንዲጽፉ አድርገው ነበር፤ ሲጽፉ አዝነዋል፣ በኋላ ግን ጤናቸው ላይ ጥቅም ታይቷል። ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም፤ ከባሰብሽ ተዪው። እናትሽም ሐዘኗ ስለቆየ ብቻ ታማለች አትበይ። ነገር ግን ምግብ ከተወች፣ ከቤት መውጣት ካቆመች፣ «እሱን ልከተለው» ማለት ከጀመረች ነገ ዛሬ ሳትይ ሪፈራል ሆስፒታል ውሰጃት፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

አባትሽን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት በጣም ስላሳሰበኝ ነው። «የሬሳ ኪስ አይፈተሽም» የሚል ሰው፣ አንድ ቀን የሬሳ ኪስ የፈተሸ ወይም ሲፈተሽ ያየ ሰው ሊሆን ይችላል። ልሳሳት እችላለሁ። ግን ከኪስ የሚወጣውን፣ ፎቶውን፣ የእናት ደብዳቤውን፣ ያልተላከውን ወረቀት፣ ያወቀ ሰው ንግግር ይመስላል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ይመለከት ነበር፤ አባትሽም ሲዘምት የወንድምሽ እኩያ ሳይሆን አይቀርም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሲበተን ብዙዎቹ በእግራቸው፣ የተቀደደ ልብስ ለብሰው፣ መንገድ ላይ እየለመኑ ነው የተመለሱት። «ጀግና» ያላቸው አልነበረም። ብዙዎች «የደርግ ወታደር» ተብለው አንገታቸውን ደፍተው ኖሩ። እና ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ያፈነውን ነገር ልጁ በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ጽፎ ላከለት። ሳያነበው ምን እንዳለበት ያውቃል። «አቃጥሉት» ሲል በራሱ መንገድ ልጁን እየሸፈነው ነው፤ ራሱንም ጭምር። እናትሽ ግን ጭካኔ ነው የመሰላት።

በሁለቱ መካከል መልእክት አታመላልሺ። ለእናትሽ አንድ ጊዜ «አባዬ የሚፈራው ለአንቺ ነው መሰለኝ» በያት፤ ይበቃል። ለአባትሽ ደግሞ የምታነቡበትን ቀን ቀድመሽ ንገሪው፤ ለማስፈቀድ ሳይሆን ከጀርባው እንዳይሆን። «ከፈለግህ ትቀመጣለህ፣ ካልፈለግህ በዚያን ሰዓት ወጣ ትላለህ፤ ማንም አይቀየምህም» በይው። ላይቀመጥ ይችላል። በረንዳ ላይ ሆኖ በመስኮት ሊሰማም ይችላል፤ ካየሽው እንዳላየሽ ሁኚ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ ስጪው። ደብተሩ ጠርዙ እየተበላ እንዳይሄድ አንዲት ትንሽ የእንጨት ሣጥን እንዲሠራለት ጠይቂው፤ ክዳን ያላት፣ መቆለፊያ ያላት። ቁልፉን እሱ ይያዝ። እምቢ ካለ አታስጨንቂው፤ ሌላ ቀን ጠይቂው። እሺ ካለና መላግ ከጀመረ ደግሞ አጠገቡ በርጩማ ስበሽ ቁጭ በይ። ስለ ጦርነቱ አትጠይቂው። ሚስማር አቀብዪው።