ብረቱን ሜዳው መሀል አይትከሉት

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው አሜሪካ፣ ቬርሞንት ነው። የድርቆሽ ሜዳ አለን። ጎረቤቶቻችን ለወፎች ብለው ሳራቸውን አዘግይተው ያጭዳሉ። እኔ በያጅ ነኝ። ትልልቅ የብረት ቅርጻ ቅርጾች ሠርቼ ሜዳው መሀል ባቆምና ሰው ከፍሎ ቢጎበኝ፣ ወፎቹን ይጠቅማል?

መልስ፦ ሐሳብዎን በጣም ወድጄዋለሁ። ብረቱ ብቻውን ግን አንዲት ጫጩት አያድንም፤ ወሳኙ የአጨዳው ቀን ነው። እናንተ ጋ የምትመጣው ቦቦሊንክ የምትባል ወፍ ከእነ አርጀንቲናና ፓራጓይ ተነስታ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ሜይ ላይ ትደርስና ጎጆዋን መሬት ላይ፣ ሳሩ ውስጥ ትሠራለች። እንቁላሏን 12 ቀን ገደማ ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ በ10 ወይም በ11 ቀናቸው ከጎጆ ይወጣሉ፣ ግን ገና መብረር አይችሉም። ጁን ላይ ማጨጃው ከገባ በቃ፣ አለቀላቸው። እስከ ኦገስት መጀመሪያ ከታገሱ ይተርፋሉ። ችግሩ፣ የዘገየ ሳር ይጠነክራል፣ ፕሮቲኑም ስለሚቀንስ ለወተት ላም ብዙም አይሆንም። ኪሳራው የገበሬው ነው። የጎብኚው ገንዘብ ይህን ኪሳራ ከሸፈነ ሥራዎ ወፏን በደንብ ጠቀመ ማለት ነው።

መሀል ሜዳውን ግን ይተዉት። እነዚህ ወፎች ገላጣ ቦታ ነው የሚወዱት፣ ረጅም ነገር ያለበትን ይሸሻሉ። ጭልፊትና ቁራም ብረቱ ላይ ቁጭ ብለው ጎጆ ይቃኛሉ። ስለዚህ አጥር ጥግ ወይም መንገድ ዳር፣ ዝቅ አድርገው ይሥሩት። ጎብኚው ሳሩ ውስጥ አይግባ፣ ውሻም በገመድ ይያዝ።

ከቻሉ ማሳቹሴትስ ሄደው ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ላይ ቀራፂው ቶድ ማክግሬን የሠራውን፣ ሂዝ ሄን የምትባል ወፍ የነሐስ ሐውልት ይዩ። ሂዝ ሄን ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው እዚያው ደሴት ላይ በ1932 ነው። የጠፋች ወፍ መታሰቢያ ነው፤ የእርስዎዋ ገና አለች፣ ለዚህ ነው ሐሳብዎ የሚያጓጓኝ።

አገር ቤትም ነገሌ ቦረና አጠገብ፣ ሊበን ሜዳ ላይ፣ ልትጠፋ የተቃረበች የሊበን ላርክ የምትባል ወፍ አለች። እሷም መሬት ላይ ነው የምትፈለፍለው። ቦረናዎች ካሎ የሚሉት የታጠረ ግጦሽ ውስጥ ሳሩ ስለሚያድግ መሸሸጊያ ታገኛለች። እዚያም ወፏን በሕይወት ያቆያት ሳሩ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ከቤተሰብዎ ጋር የአጨዳውን ቀን ይወስኑ። በብርዱ ወራት ይበይዱ፣ ተከላውንም ሜይ ሳይገባ ይጨርሱ።