የተቃጠለው ነጭ የት ጠፋ?

ጥያቄ፦ ጠራራ ፀሐይ ላይ ያነሳሁት የሙሽራ ቀሚስ ነጩ ተቃጥሎብኛል፤ ከመጠን በላይ በርቶ ዝርዝሩ ጠፍቷል። ፎቶው ሮው ነው፣ ማለትም ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ ሃይላይቱን (የደማቁን ክፍል ብርሃን) ሳወርድ ጥልፉ ይታያል። ዳርክቴብል ላይ ያው ፋይል ድፍን ነጭ ነው። ሌላ ሶፍትዌር ላይ ደግሞ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ችግሩ የፋይሉ ነው ወይስ የሶፍትዌሩ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥልፉ አንዱ ላይ ከታየ መረጃው ፋይሉ ውስጥ አለ። ሶፍትዌሮቹ የተለያዩት በአያያዛቸው ነው።

የካሜራው ሴንሰር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ ይመዘግባል። በቀን ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ጢም የሚለው አረንጓዴው ነው። ከሞላ በኋላ ብርሃን ቢጨመርም ቁጥሩ አይጨምርም። ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያመዛዝነው ዋይት ባላንስ ደግሞ ቀዩንና ሰማያዊውን ያባዛቸዋል። እነሱ አረንጓዴውን ሲያልፉት ነጩ ሮዝ ይሆናል። ሮዙ ውስጥ የጥልፉ መስመር ካለ፣ ከሦስቱ ቀለማት ያልሞላ ቻናል አለና ሶፍትዌሩ ከእሱ ተነስቶ የጎደለውን ይገምታል። ልሙጥ ሮዝ ከሆነ ግን ሦስቱም ሞልተዋል ማለት ነው። ያንን ማንም አይመልሰውም፤ የሚያሳይህ ሁሉ ግምት ነው።

ላይትሩም ግምቱን ሳይነግርህ ይሠራል። ለመፈተን ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን አጠቃላይ ብርሃን) እስከ ታች አውርደው። ቦታው ልሙጥ ግራጫ ከሆነ አትድከም።

ዳርክቴብል ላይ ግን አንተ ነህ የምታዘው። መጀመሪያ ኤክስፖዠር የሚባለውን ሞጁል (የማስተካከያ ክፍል) እይ፤ ብዙ ጊዜ ፎቶውን ስትከፍት ራሱ ብርሃን ይጨምራል። ቀሚሱን ነጭ ያደረገብህ እሱ ሊሆን ይችላል። የሙሽራዋ ፊት ብርሃን ልክ ከሆነ አትንካው፤ የብርሃኑን ስፋት ስክሪን በሚችለው ልክ የሚያመጣው ፊልሚክ ሞጁል ውስጥ የነጩን ወሰን ከፍ አድርገው፣ ጥልፉ ይወጣል። ከዚያ የተቃጠለውን ገምቶ የሚሞላውን የሃይላይት ሪኮንስትራክሽን ሞጁል ተመልከት። ከዳርክቴብል ስሪት 4.2 ጀምሮ በነባሪ የሚመጣው ኢንፔይንት ኦፖዝድ የሚባለው ዘዴ ለአብዛኛው ፎቶ ይበቃል። ትንንሽ የተቃጠሉ ነጥቦች ላይ ጋይድድ ላፕላሲያን የሚባለው ዘዴ ይሻላል፣ ግን ኮምፒውተሩን ያንቀረፍፈዋል።

ሮውቴራፒ የሚባለው ሶፍትዌር ላይም ተመሳሳይ ማብሪያ ኤክስፖዠር ገጽ ውስጥ አለ። ከለር ፕሮፓጌሽን የሚባለው ዘዴ ቀለሙን ከአካባቢው ይስባል። ለሰማይ ጥሩ ነው። ለጥልፍ ግን አልመክርህም፣ ያልነበረ ቀለም ይቀባበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራው ስክሪን ላይ የምታየው ሂስቶግራም (የብርሃን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) የሚሠራው ካሜራው ካቀናበረው ጄፔግ ምስል ነው እንጂ ከሮው አይደለም። ግራፉ ትንሽ የቀኙን ጫፍ ስለነካ ብቻ ፎቶውን አትሰርዘው፤ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ፈትነው።